የቴብስ ገዢ ቤተሰብ በግሪክ መሪር ተውኔት

የላብዳኮስ ቤት በቴብስ ከተማ እንደነገሠ የሚተረክለት አፈ ታሪካዊ ቤተሰብ ነው፤ በ5ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) የአቴና ጸሐፌ ተውኔቶች ደጋግመው ተመላልሰውበታል። ምርጥ መሪር ተውኔቶች (ትራጄዲዎች) የሚቀዱት ከጥቂት ቤተሰቦች ታሪክ ነው ያለው ፈላስፋው አርስቶትል፣ በምሳሌነት ከጠራቸው አንዱ የዚህ ቤት ልጅ ኤዲፐስ ነው። ጠላት ጠላቱን ቢገድል ብዙም አያሳዝንም፤ ወንድም በወንድሙ ላይ ሲነሣ ግን ተመልካቹ አንጀቱ ይላወሳል።

በዚህ ቤት የዝምድና ስሞች ሁሉ ተደበላልቀዋል። ኤዲፐስ ሳያውቅ አባቱን ላዮስን ገድሎ እናቱን ኢዮካስታን ስላገባ ለልጆቹ አባትም ወንድምም ነው። የኢዮካስታ ወንድም ክሬዎን ደግሞ ለኤዲፐስ አማችም አጎትም ይሆናል።

የሥልጣኑን ዙር ለማየት ከኤዲፐስ ይልቅ ይህን ክሬዎን መከተል ይሻላል። በአቴናዊው ጸሐፌ ተውኔት በሶፎክልስ «ኤዲፐስ ንጉሥ» ውስጥ ዙፋን ትመኛለህ ተብሎ ሲከሰስ መልሱ የሚያሳምን ነው፤ ያለ ሥጋት መከበር እያለ እንቅልፍ የሚነሣ ዘውድ ማን ይመኛል? በ«አንቲጎኔ» ግን እርሱ ራሱ ነግሦ እናገኘዋለን። ያን ጊዜ ኤዲፐስ ነቢዩን ቲሬስያስን የክሬዎን ቅጥረኛ አድርጎት ነበር፤ አሁን ክሬዎን በተራው ያንኑ ነቢይ ጉቦ በልተሃል ይለዋል። በ«ኤዲፐስ በቆሎኖስ» ደግሞ ዕውሩን ስደተኛ ኤዲፐስን አስገድዶ ለመመለስ ሴቶች ልጆቹን ይነጥቃል። መልካሙን አማች ዙፋን አበላሸው ማለት ያጓጓል። ነገር ግን ሶፎክልስ ተውኔቶቹን በታሪኩ ቅደም ተከተል አልጻፋቸውም፤ «አንቲጎኔ» በ441 ቅ.ል.ክ. ገደማ የቀረበ የሦስቱ ቀዳሚ ሲሆን፣ የቆሎኖሱ ደራሲው ከሞተ በኋላ በ401 በልጅ ልጁ አማካይነት ታየ። አምባገነኑ ክሬዎን ከታማኙ አማች በፊት ተጽፏል ማለት ነው።

የኤዲፐስ ወንዶች ልጆች ኤቴዎክልስና ፖሊኒቂስ እርስ በርስ ተጋድለው ይሞታሉ። ኤስኪሎስ በ467 ባቀረበው ተውኔት ይህን አሳይቷል። በዩሪፒደስ አተራረክ ወንድማማቾቹ በየዓመቱ እየተፈራረቁ ሊገዙ ተስማምተው ነበር፤ ኤቴዎክልስ ተራው ሲያልቅ አልወርድም አለ። ፖሊኒቂስም የአርጎስን ንጉሥ ልጅ አግብቶ የአማቱን ጦር በገዛ አገሩ ላይ አዘመተ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የሬሳ ክርክር ነው። ግሪኮች «ፊሎስ» የሚሉት ቃል ዘመድንም ወዳጅንም ያመለክታል፤ የ«አንቲጎኔ» ጠብ ሁሉ በዚህ ቃል ላይ ይሽከረከራል። ለክሬዎን ወዳጅ የሚባለው ለከተማይቱ የታመነ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ወራሪው ፖሊኒቂስ እንዳይቀበር ያውጃል። አቴናውያንም ከሃዲ በምድራቸው እንዳይቀበር ይከለክሉ ስለነበር፣ አዋጁ ለተመልካቹ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። ለኤዲፐስ ልጅ ለአንቲጎኔ ወንድም ምን ጊዜም ወንድም ነው፤ አዋጁን ጥሳ ልትቀብረው ትነሣለች። እኅቷ ኢስሜኔ ፈርታ አልተባበርም ትላለች፤ በኋላ ጥፋቱን ልካፈል ብትልም አንቲጎኔ አትቀበላትም። የክሬዎን ልጅና የአንቲጎኔ እጮኛ ሃይሞን የሞት ፍርዷን ለማስቀረት ለአባቱ የሚያደርገውን ንግግር በልጅነት አክብሮት ጀምሮ፣ የአንድ ሰው ብቻ የሆነች ከተማ የለችም እስከማለት ይደርሳል። ከተውኔቱ ሁሉ በብልሃት የተሠራው ይህ ትዕይንት ይመስለኛል፤ ታማኝነቱ በአንድ ቃል ሳይሆን መልስ በመልስ ነው የሚሸረሸረው። በመጨረሻም ሃይሞንም እናቱም ራሳቸውን ያጠፋሉ።

አንቲጎኔ ለባሌ ወይም ለልጄ ቢሆን ይህን አላደርግም ነበር፣ ወላጆቼ ስለሞቱ ግን ሌላ ወንድም አላገኝም የምትልበት ቦታ ብዙዎችን አሳፍሯል። ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ እንኳ መስመሮቹ የሶፎክልስ ባይሆኑ ተመኝቶ ነበር። እኔ ከቦታቸው ባይነሡ እመርጣለሁ፤ የዚህች ልጅ ፍቅር ከመጀመሪያው እየመረጠ የሚሰጥ ነበር። ወደ ሞት ስትወሰድ ራሷን የንጉሥ ቤት የመጨረሻ ቅሪት ብላ ትጠራለች። ኢስሜኔ ግን በሕይወት አለች።