ቡችላው አስቸገረ፦ ይቆይ ወይስ ለሌላ ይሰጥ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሁለት ወሩ ከጎረቤት ተለምኖ የመጣ ቡችላ ስምንትና ዘጠኝ ወር ሲሞላው ቤቱን ማማረር ይጀምራል። በደብረ ብርሃን ግቢም ይሁን በመንዝ ደጋ ጥያቄው አንድ ነው፦ እናቆየው ወይስ ለሰው እንስጠው? ጫማ ማኘክ፣ የታጠበ ልብስ ከገመድ ማውረድ፣ እንግዳ ላይ መዝለል፣ ልጅ ላይ ማጉረምረም፣ በግ ማሳደድ፣ ሁሉም «አስቸጋሪ» በሚል አንድ ስም ይጠራሉ። መነሻቸው ግን ለየቅል ነው፤ መላቸውም እንደዚያው። ብዙ ውሻ የሚባረረው በአንድ ወር ልፋት በሚስተካከል ነገር ነው። ጥቂቱ ደግሞ ልጅ ካለበት ቤት ዛሬውኑ መውጣት ሲገባው «ያድጋል» እየተባለ ይቆያል።

«ገና ቡችላ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል»

ግማሹ እውነት ነው። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው፤ ከአራት ወር ግድም ጀምሮ እስከ ስድስትና ሰባት ወር ድረስ እየወለቁ በ42 ቋሚ ጥርስ ይተካሉ። በዚህ ጊዜ ድዱ ስለሚያመው ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ያረጀ ጨርቅ ቋጥሮ፣ ውሃ ነክሮ፣ ደጅ ማሳደር ነው፤ የደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ሌሊት ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም። ጠዋት ሲያኝከው ድዱን ያበርድለታል። ጫማው ደግሞ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጥ። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ያለው የጉርምስና ጊዜ ነው፤ ትናንት ሲጠራ እየሮጠ ይመጣ የነበረው ዛሬ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ልምምዱ ካልተቋረጠ ይህም ያልፋል።

በራሱ የማያልፈው ፍርሃት ነው። ቡችላ ሰውን፣ ሕፃንን፣ ጋሪን፣ ባጃጅን ያለ ስጋት የሚለምደው በአብዛኛው ከሦስተኛ ሳምንቱ እስከ ሦስት ወሩ ባለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ጓሮ ታስሮ ያሳለፈ ውሻ ሲያድግ እንግዳ ይፈራል። ይጮኻል፤ እንግዳው ሲሸሽለት መጮኹ እንደሚሠራ ይማራል፤ በየወሩ ይብስበታል። ጭራውን በእግሮቹ መሃል ሸጉጦ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ፣ እያፈገፈገ የሚጮኽ ውሻ ፈርቷል እንጂ አልደፈረም። ለእንዲህ ዓይነቱ እንግዳው ገና በማያስጮኸው ርቀት ይቆማል፤ 15 ሜትር ሊሆን ይችላል። ውሻው ሰውየውን ባየው ቁጥር የጥፍር ያህል ሥጋ ይሰጠዋል። በቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ በየሦስት አራት ቀኑ ርቀቱን በአንድ ሜትር መቀነስ ነው። ከጮኸ በጣም ቀርበዋልና ወደ ኋላ ይመለሱ። ስድስት ሳምንት በየቀኑ ተሠርቶ ርቀቱ ፈቅ ካላለ፣ ያ ውሻ ሰው ለሚበዛበት ግቢ አይሆንም።

«ጆሮው የተቆረጠ፣ በርበሬ የበላ፣ ታስሮ ያደገ ውሻ ኃይለኛ ጠባቂ ይወጣዋል»

ጆሮ መቁረጥ ቁስል ነው፤ ከዚያ በላይ ምንም አይጨምርም። በርበሬም ሆዱን ያቃጥለዋል እንጂ ልብ አይሰጠውም። ሰንሰለቱ ግን በሰፊው መነገር አለበት፣ ምክንያቱም «አስቸጋሪ» የሚባሉት ብዙዎቹ የተበላሹት በእሱ ነው። በሁለት ሜትር ሰንሰለት ቀኑን የሚውል ወጣት ውሻ ሰው ሲያልፍ ይንደረደራል፣ አንገቱ ይታነቃል፣ ያ ሥቃይ ካለፈው ሰው ጋር ይያያዝበታል። መሸሽ ስለማይችልም ያለው ምርጫ መናከስ ብቻ ይሆናል። ጠባቂ የምንለው ውሻ የቤቱን ሰው ከሌባ የሚለይ ነው፤ ይህኛው የሚመጣውን ሁሉ ይናከሳል፣ ምግብ ያመጣችለትን ልጅ ጭምር።

አጥር ከሌለና ማሰር ግድ ከሆነ፣ ሁለት እንጨት ተክሎ ከሰው ቁመት በላይ ዐሥር ሜትር ሽቦ መዘርጋትና ማሰሪያውን በቀለበት በሽቦው ላይ ማንሸራተት ይቻላል። ውሻው ከዳር እዳር ይመላለሳል። ማሰሪያው እንጨቶቹን እንዳይጠመጠም ከእያንዳንዱ አንድ ሜትር ተኩል ቀደም ብሎ ሽቦው ላይ ማገጃ ቋጠሮ ይደረግ። ጠዋትና ማታ ግማሽ ግማሽ ሰዓት በገመድ ይዞ ማራመድ ደግሞ ግቢ ውስጥ የሚያፈርሰውን ግማሹን ያስተወዋል። የሌሊቱን ጩኸት ከመቆጣት በፊት መኝታውን ይመልከቱ። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ውርጭ በሚጥልበት ወር በባዶ መሬት የተኛ ቡችላ የሚጮኸው በርዶት ነው። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ፣ ጭድ የተነጠፈበት፣ በሩ ከነፋሱ የዞረ ጎጆ ይበቃዋል።

«ሲያጉረመርም ካልተገረፈ ይደፍራል»

ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። ሲያጉረመርም የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ፍርሃቱን ግን አይተውም። ቀጥሎ የሚመጣው ያለ ማስጠንቀቂያ መንከስ ነው።

አጥንት ይዞ የተኛን ወጣት ውሻ ልብ ብሎ ያየ ነገሩ ይገባዋል። ሰው ሲቀርብ መጀመሪያ ማኘኩን ያቆማል። ሰውነቱ ድርቅ ይላል፤ አንገቱን ሳያነሳ ዓይኑን ብቻ ገልብጦ፣ ነጩ እየታየ፣ ይከታተላል። ከንፈሩ ጥርሱ ላይ ይሸበሸባል። ድምፁ የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እጁን ሰዶ አጥንቱን የሚነጥቅ ሰው «ሰው ሲመጣ አጥንቴ ይወሰዳል» የሚለውን ፍርሃቱን እውነት ያደርግለታል። በተቃራኒው፣ ማኘኩን ከማያቆምበት ርቀት ላይ ሆኖ ከአጥንቱ የሚሻል ቁራጭ ሥጋ ወርውሮ መሄድ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መድገም፣ በሳምንት ግማሽ ሜትር እየቀረቡ መምጣት ነው። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ብዙዎቹ ሰው ሲመጣ ቀና ብለው ጭራ ይቆላሉ። ይህን ልምምድ አዋቂ ብቻ ይሥራው። ሕፃን ውሻ ሲበላ አጠገቡ አይድረስ።

«ፍርፋሪ ይበቃዋል»

ውሻ ዐቢይ ጾም ሲገባ ጠባዩ ተለወጠ የሚባለው በምክንያት ነው። ሥጋውና ወተቱ 55 ቀን ሲቆም የሚቀርለት እንጀራ ብቻ ይሆናል፤ በማደግ ላይ ያለ ሰውነት ደግሞ ያንን አይችለውም። የጎረቤት ዶሮ የሚይዘው፣ ሳህኑ ላይ የሚያጉረመርመው ያን ጊዜ ነው። በጾም ወራት ለአንድ መካከለኛ ወጣት ውሻ በቀን አንድ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ከእንጀራው ጋር ማፈርፈር ብዙ ይለውጣል። እስከ ስድስት ወሩ በቀን ሦስቴ፣ ከዚያ በኋላ ሁለቴ፣ በተወሰነ ሰዓት ይብላ። ወጥ አይሰጠው፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋል።

«ደም የቀመሰ ውሻ አይመለስም»

በበግ አገር ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ የለም፤ መልሱም አንድ ወጥ አይደለም። ማሳደድን የሚያመጣው የደም ጣዕም አይደለም። በጉ ሲሮጥ ውሻው ይከተላል፤ መሮጡ ራሱ ደስታው ነው፤ ስለዚህ ያሳደደባት እያንዳንዷ ቀን ልማዱን ታጠናክራለች። በጊዜ የተያዘ ግን ይመለሳል። በስምንት ወሩ የግልገል ፀጉር የሚጎትት ውሻ ብዙ ጊዜ እየተጫወተ ነው። ያለ ጠባቂ ከበጎቹ ጋር አይለቀቅ፤ ዐሥር ሜትር ገመድ አስሮ ከመንጋው ጋር ማዋል፣ ዓይኑን በግ ላይ ተክሎ ድርቅ ሲል፣ ገና ሳይነሳ፣ ጠርቶ መሸለም ነው። ከተነሳ በኋላ መጣራት ትርፉ ድካም ነው። እስከ ዓመት ተኩል፣ አንዳንዱም እስከ ሁለት ዓመት፣ ብቻውን አይታመንም። ገና ከሁለት ወሩ በበረት ጥግ፣ በጎቹን እያየና እያሸተተ ያደገ ቡችላ ይህ ሁሉ ድካም ይቀርለታል።

ሁለትና ከዚያ በላይ በግ የገደለ፣ ወይም ሌሊት እየተነሳ ለብቻው የሚያድን ከሆነ ከመንጋ ጋር አይኖርም። እሱን ለሌላ መንዜ በግ አርቢ መስጠት ችግሩን ማሻገር ነው። በግ በሌለበት፣ አጥሩ የተዘጋ የከተማ ግቢ ግን ጥሩ ውሻ ሊወጣው ይችላል።

የታረደ በግ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ሲታይ ለውሻው መወርወሩ ይቅር። እባጩ የኮሶ ትል እጭ ነው፤ ውሻው ሆድ ውስጥ አድጎ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣና በእጅ በኩል ልጆች ዘንድ ይደርሳል። ወይ ይቃጠል፣ ወይ በጥልቅ ይቀበር፣ ካልሆነም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀቀል።

«ጯሂ ውሻ አይናከስም»

ይናከሳል። ተረቱን አምኖ እጁን የሰደደ ብዙ ነው።

«ሰው ከነከሰ ወዲያው መግደል ነው»

ቁጣው የሚገባ ነው፤ ግን ለተነከሰው ሰው አይጠቅመውም። መጀመሪያ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይደረስ። ውሻው የሚያዝ ከሆነ ብቻውን ተዘግቶ 10 ቀን ይታይ። በእብድ ውሻ በሽታ ተይዞ ሲነክስ በምራቁ ያስተላልፍ ከነበረ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል፤ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሐኪሙ የተጀመረውን ክትባት ሊያቋርጠው ይችላል። ክትባቱ ግን 10ኛው ቀን እስኪደርስ አይጠበቅም። በሽታው ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ጸበሉም ይሁን፤ ክትባቱ ግን አይቅር። ውሻው ከሞተ ወይም ከተገደለ ምርመራው የሚካሄደው በአንጎሉ ነውና ጭንቅላቱ አይመታ።

ቡችላ በሦስት ወሩ፣ ከዚያም በየዓመቱ ይከተብ። ያልተከተበ ውሻ ይቆይ ወይስ ይሰጥ ብሎ መመካከር የሚቻለው ከተከተበ በኋላ ነው።

ከዚያ ንክሻው ይመዘን። ማን ተነከሰ? ቆዳ ጭሯል ወይስ ጥርስ ሥጋ ውስጥ ገብቷል? ነክሶ ለቀቀ ወይስ ይዞ ነቀነቀ? አስጠንቅቋል? የተረገጠ ውሻ ዘወር ብሎ ቆዳ ጭሮ ቢለቅ በሥልጠና የሚያዝ ነው። ሳይነካ ሄዶ ሕፃን የነከሰ፣ ጥርሱን አስገብቶ የነቀነቀ ግን ልጆች ባሉበት ቤት አንድ ቀን ማደር የለበትም። ኃላፊነቱም አለ፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው አምልጦት እንኳ ቢሆን፣ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል።

«ራቅ አድርጎ መልቀቅ ነው፣ ገጠር ይመቸዋል»

በጣርማበር መንገድ ዳር የሚጣለው ውሻ አይመቸውም። ከሰው እጅ የበላ ውሻ ማደን አያውቅም፤ ይራባል፣ ጅብ ይበላዋል፣ ወይም ከባዘኑት ጋር ገጥሞ የገበሬውን ግልገል ይፈጃል። ከዚያ የሚከፋም አለ። የመንዝ ሰው ቀሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው የጓሳ ሣር ምድር በአገራችን ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው፤ በመላው ኢትዮጵያ የቀረው 500 ገደማ ነው። በብዛት የሚያልቀው ደግሞ ከውሻ በሚተላለፍበት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር በሚባል ሌላ የውሻ በሽታ ነው፤ በባሌ ተራሮች ወረርሽኙ በተደጋጋሚ መንጋ መንጋውን ጨርሷል።

«ውሻ ሌላ ጌታ አይለምድም»

ይለምዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይበላም፣ በር በር ያያል፤ በሁለት ሦስት ሳምንት የአዲሱን ቤት ሰዓት ያውቃል፤ በሦስት ወር ገደማ የእነሱ ይሆናል። ስለዚህ መስጠት ክህደት አይደለም። ክህደቱ ደብቆ መስጠት ነው። ልጅ መንከሱ ያልተነገረው ተቀባይ በማግስቱ ልጁን አጠገቡ ያስቀምጣል።

ሲሰጥ ዕድሜው፣ የክትባት ወረቀቱ፣ የሚፈራው ነገር፣ ማንን መቼ እንደነከሰ፣ በግ ማሳደዱና ማንኛውም ክፉ ልማዱ ሳይሸሸግ ይነገር። ተቀባዩ ቀድሞ ሁለት ሦስት ጊዜ መጥቶ በእጁ ያብላው። አጥሩን ሄዶ ማየት ነውር አይደለም፤ አንድ ሜትር አጥር ወጣት ውሻን አያቆምም። ለሁለት ሳምንት ለሙከራ ይሰጥ፤ ካልሆነ መልሶ ለማምጣት በሩ ክፍት ይሁን። ተቀባይ ከታጣና ውሻው በእርግጥ ለሰው አደገኛ ከሆነ፣ የእንስሳት ሐኪም በመርፌ ያለ ሥቃይ ያሳርፈዋል። መርዝ አይሰጠው፤ ሥቃዩ ከባድ ነው፣ የጎረቤት ውሻና አሞራም ይፈጃል።

በሚሄድበት ቀን የተኛበት ጨርቅ ሳይታጠብ አብሮት ይሂድ። ለሳምንት የሚበቃው የለመደው ምግብም ይታከልበት። አዲሱ ቤት ሲደርስ ግቢው በር ተዘግቶ ሳያበቃ ገመዱ አይፈታ፤ ብዙ ውሻ የሚጠፋው በመጀመሪያው ሌሊት ነው።