ፍሎራይድ ምንድን ነው? (እባካችሁ «አፍልታችሁ ጠጡ» አትበሉ)

ሰሞኑን አንዱ ስለ ስምጥ ሸለቆ ውሃ የጻፈውን አነበብኩ። በዝዋይና በመቂ አካባቢ ውሃው ውስጥ ባለው ፍሎራይድ የሰው ጥርስ ለምን እንደሚበልዝ ጥሩ አድርጎ ካብራራ በኋላ መጨረሻው ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ውሃው የተበከለ ስለሆነ አፍልታችሁ ጠጡ።» ስሩ ደግሞ «እናመሰግናለን ወንድማችን» ተደርድሯል። እኔ የምውለው ውሃ ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ይቺን ምክር ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ።

ነገሩን የሚያበላሸው «የተበከለ» የምትለዋ ቃል ናት። ውሃ ተበከለ ሲባል ሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን ጀርም ነው። ተቅማጥ፣ ታይፎይድ፣ አሜባ። ጀርም ነፍስ አለው፣ ስለዚህ ይሞታል፤ እሳትም ክሎሪንም ይገድለዋል። ፍሎራይድ ምኑ ይገደላል? ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየሟሟ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ የገባ ነገር ነው። በስምጥ ሸለቆው ፋብሪካ አልለቀቀውም፣ ማንም አልደፋውም፣ ድንጋዩ ራሱ ነው የሚሰጠው።

ወጥ ላይ ጨው በዛ እንበል። እሳት ላይ ታቆየዋለህ? ውሃው እየተነነ ጨው ጨው ማለቱ ይብስበታል እንጂ ጨው በእንፋሎት አይወጣም። ፍሎራይድም ያው ነው። በሊትር 3 ሚሊግራም ያለበትን 2 ሊትር ውሃ ጣደው፣ 6 ሚሊግራም አለህ ማለት ነው። ፈልቶ ፈልቶ 1.5 ሊትር ሲቀር 6ቱ እዚያው ናቸው፣ በሊትር ግን 4 ሆነልህ። ወጡን በጨርቅ ብታጠልለው ጨው አይቀርልህም፤ ውሃውንም በነጠላ ብታጠልለው፣ ውሃ አጋር ብታደርግበት፣ ያው። የሚሠራው ወጡ ላይ ውሃ መጨመር ነው፤ እኛም ፍሎራይዱ አነስተኛ የሆነ ምንጭ ከተገኘ እናቀላቅላለን። ምሳሌው የሚሰበረው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ጨው የበዛበትን ወጥ ምላስህ ይነግርሃል፣ ትተወዋለህ። ፍሎራይድ ግን ውሃው ኩልል ብሎ፣ ጣዕሙ ሳይለወጥ፣ ልጅህ ድድ ውስጥ ጥርስ እየተሠራ ባለበት እድሜ፣ እስከ ስምንት ዓመቱ ድረስ በየቀኑ ይጠጣዋል። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ብትወስደውም የበለዘው ጥርስ አይነጣም። በጣም ከበዛና ዓመታት ከቆየ ደግሞ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ ወገብ አልታጠፍ ይላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። (ይሄም የአስማት ቁጥር አይደለም። ቆላ ላይ ሰው ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ ሻይ ቅጠሉም የራሱን ፍሎራይድ ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ 1.4 ሲወጣ ጭብጨባ አያስፈልግም።) «ጥልቅ ጉድጓድ ነው፣ ንጹህ ነው» የምትሉም ተዉ። ከጀርም አዎ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ግን ከጥልቀት የሚወጣው፣ በተለይ ሞቅ ያለው ውሃ፣ ብዙ ጊዜ የባሰ ነው። የጎረቤት ጉድጓድ ውጤትም የአንተን አይነግርህም። ለምርመራ ስታመጡ ደግሞ በሃይላንድ አምጡ፤ ለፍሎራይድ ናሙና ፕላስቲክ ነው የሚመረጠው።

«የጥርስ ሳሙናም እኮ ፍሎራይድ አለው» ለምትሉ፦ አለው። ይተፋል።

ታዲያ በምን ይወጣል? አንዱ መንገድ ከህንድ የመጣው፣ አሉም (ድፍርስ ውሃ ማጥሪያ ኬሚካል) እና ኖራ ጨምሮ ፍሎራይዱን ማዝቀጥ ነው፤ ናልጎንዳ ይሉታል፣ በአንድ የህንድ ወረዳ ስም። ሌላው የአጥንት ከሰል ነው። የከብት አጥንት አየር እንዳያገኝ ተደርጎ ይከስልና ውሃው በላዩ ያልፋል። የሚገርመው፣ ፍሎራይድ ጥርስና አጥንት ላይ የሚጣበቅበት ምክንያት ራሱ ነው እዚህ የሚያስይዘው፤ ማዕድኑ አንድ ዓይነት ነው። የሸክላ ምድጃ ከሰል ግን አይሠራም፣ እንዳትሞክሩት። አጥንቱም ከበቂ በላይ ተቃጥሎ ነጭ ከሆነ አቅሙ ይወርዳል፣ በደንብ ካልከሰለ ደግሞ ውሃው ይሸታል። ደግሞም የአጥንት ከሰሉ በፍሎራይድ ይሞላል። ሲሞላ ካልተቀየረ ውሃው እንደገባ ይወጣል፣ ማጣሪያው ቆሞ እያያችሁት።

አንዴ አንዲት እናት ናሙና ይዘው መጥተው ውጤቱን ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ጾም ላይ በአጥንት ያለፈ ውሃ ይጠጣል ወይ?» ብለው ነው። እሱን ለንስሐ አባታቸው ተውኩት። ሁለተኛው ጥያቄያቸው «ለልብስ ማጠቢያውስ?» የሚል ነበር። ለልብስ ለገላ ችግር የለውም አልኳቸው፤ የተጣራው ለመጠጥ፣ ለወጥና ለቡና ይሁን። «ቡናው እኮ ይፈላል» አሉኝ።

እንደገና ከጨው ጀመርን።