ሲልቸስተር፦ ከሣሩ ሥር ስላለችው ከተማ የሚባለውና እውነታው

በእንግሊዝ ሃምፕሸር ገጠር ውስጥ፣ ሲልቸስተር በሚባል ቦታ፣ 2.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ጥንታዊ ግንብ የከበበው ሰፊ መስክ አለ። ካሌቫ የምትባለው የሮማውያን ዘመን ከተማ የነበረችው እዚህ ነው። ውስጡ ሣር ብቻ ስለሚታይ፣ ስለ ቦታው የሚነገረው ብዙው ነገር ስህተት ነው።

«ከተማዋን የቆረቆሯት ሮማውያን ናቸው።»
አይደሉም። የሮም ጦር እ.ኤ.አ. በ43 ብሪታንያን ከመውረሩ በፊት አትሬባቴስ የሚባለው ነገድ እዚሁ ከትሞ ይኖር ነበር። ከወረራው በፊት ከነበረ የውኃ ጉድጓድ ግርጌ አንዲት የወይራ ፍሬ ዘር ተገኝታለች። ድንብላልም ይበሉ እንደነበር ከዚያው ዘመን የተረፈው ዘር ይመሰክራል። «ኋላ ቀር» የተባሉት እነዚህ ሰዎች ከባሕር ማዶ የመጣ ምግብ ያጣጥሙ ነበር!

«እዚህ የተገኘው የነሐስ ንስር የጠፋ ሌጌዎን (የሮም ጦር ክፍል) ዓርማ ነው።»
ንስሩ እ.ኤ.አ. በ1866 ከከተማዋ ትልቅ አደባባይ ሕንፃ ፍርስራሽ ወጣ፤ ዛሬ ሬዲንግ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ይታያል። ቆፋሪው ቄስ ወታደሮች የደበቁት ዓርማ ነው ብለው አመኑ፤ ታሪኩም በሰው ልብ ቀረ። እግሮቹን ልብ ብሎ ያየ ግን ሌላ ነገር ይረዳል፤ ጥፍሮቹ ክብ ነገር እንዲጨብጡ ሆነው ታጥፈዋል። ክንፎቹ የሉም። ከአንድ ሐውልት፣ ምናልባትም ከሮማውያን ዋና አምላክ ከጁፒተር ወይም ከንጉሠ ነገሥት ምስል፣ የተለየ ክፍል መሆኑ ይበልጥ ያስኬዳል። ለእኔ ይህ ከተረቱ አያንስም።

«ሁሉም ተቆፍሮ አልቋል።»
እ.ኤ.አ. ከ1890 እስከ 1909 የቆፈሩት ሰዎች የድንጋይ መሠረቶችን ተከትለው የከተማዋን ካርታ አወጡ፤ ከእንጨት የተሠሩት ቤቶች ግን በአብዛኛው አምልጠዋቸዋል። የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2014 አንድ ክፍለ ከተማ ብቻ በጥንቃቄ ሲቆፍሩ፣ የቀደሙት ያላዩትን ብዙ ነገር አገኙ።

«ባዶ መስክ ነው፤ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ሳንቲም ብፈልግ ማንን እጎዳለሁ?»
ቦታው በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው። እ.ኤ.አ. የ1979ኙ ሕግ እንዲህ ባለ ሥፍራ ያለ ፈቃድ በመሣሪያው መጠቀምን ይከለክላል። ጉዳቱም እውነተኛ ነው። የአንድ ዕቃ ዕድሜ የሚታወቀው ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣ ሲታወቅ ነው። ያቺ የወይራ ዘር በዘፈቀደ ተቆፍራ ቢሆን ኖሮ፣ ከወረራው በፊት ትሁን በኋላ ማንም ሊናገር አይችልም ነበር።