ያለእኩልነት ዓረፍተ ነገር ምንድን ነው? የቃላት ፕሮብሌም በአልጀብራ ሲፈታ

«ለማለፍ ቢያንስ 60 ነጥብ ማምጣት ያስፈልጋል» የሚል ማስታወቂያ ያነበበ ሰው ማብራሪያ አይጠይቅም፤ 60 ያመጣ ያልፋል፣ 61ም ሆነ 95 ያመጣ ያልፋል፣ 59 ያመጣ ግን ይወድቃል። ይኸው ዓረፍተ ነገር በሂሳብ ምልክት ይጻፍ ሲባል ግን ቋንቋውን አጥርቶ የሚያውቅ ተማሪ ሳይቀር ምልክቱን ገልብጦ ሲያስቀምጥ ይታያል፤ «ቢያንስ» በሚለው ቃል ውስጥ «ማነስ» ስለሚሰማው «ያንሳል» የሚለውን ምልክት ይመርጣል። ውጤቱን «ው» ብለን ብንሰይመው ትክክለኛው አጻጻፍ ው ≥ 60 ነው። የቃላት ፕሮብሌም ለብዙዎች የሚከብደው ስሌቱ ስለሚረዝም ሳይሆን ከቃል ወደ ምልክት በሚደረገው በዚህ አጭር ሽግግር ላይ ስለሚሳሳቱ ይመስለኛል።

የእኩልነት ዓረፍተ ነገር ሁለት አልጀብራዊ መግለጫዎች እኩል መሆናቸውን ይናገራል፤ ለምሳሌ «ተ» ያልታወቀውን ቁጥር (ተለዋዋጩን) ቢወክል 2ተ + 3 = 11 የሚለውን እውነት የሚያደርገው ቁጥር አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም 4 ነው። ያለእኩልነት ዓረፍተ ነገር ደግሞ አንዱ መግለጫ ከሌላው ማነሱን (<)፣ መብለጡን (>)፣ ማነሱን ወይም እኩል መሆኑን (≤)፣ መብለጡን ወይም እኩል መሆኑን (≥) ይናገራል። 2ተ + 3 < 11 ብለን ስንጽፍ መልሱ አንድ ቁጥር መሆኑ ይቀርና ከ4 የሚያንስ ቁጥር ሁሉ መልስ ይሆናል፤ የእነዚህ ቁጥሮች ጥርቅም የመፍትሔ ስብስብ ይባላል። ሁለቱም ዓይነቶች «መስመራዊ» የሚባሉት ተለዋዋጩ በራሱ ሳይባዛ፣ በአካፋይነትም ሳይገባ፣ በአንደኛ ደረጃ ብቻ ሲገኝ ነው፤ 2ተ + 3 በግራፍ ሲነደፍ ቀጥ ያለ መስመር ይሰጣል፣ ስያሜውም ከዚህ የመጣ ነው።

ወደ ቃላቱ እንመለስ። «ቢያንስ 60» ማለት «አነሰ ቢባል እንኳ 60 ነው» ማለት በመሆኑ 60 የመጨረሻው ዝቅተኛ ወለል ነው፤ የተፈቀዱት ቁጥሮች የሚገኙት ከወለሉ በላይ ስለሆነ ምልክቱ ≥ ይሆናል። «ቢበዛ 20 ሰው» ደግሞ «በዛ ቢባል እንኳ 20» ማለት ነውና 20 ጣሪያ ሆኖ ምልክቱ ≤ ነው። በቃሉ ውስጥ የሚሰማው ማነስ ወይም መብዛት የሚነግረን ጫፉ የት እንዳለ እንጂ ሌሎቹ ቁጥሮች ከጫፉ በየትኛው በኩል እንዳሉ አይደለም። «ከ20 አይበልጥም» የሚለውም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል፤ «ይበልጣል» ሲፈርስ የሚቀረው «ያንሳል» ብቻ ሳይሆን «ያንሳል ወይም እኩል ይሆናል» ነው፤ ስለዚህ 20 ራሱ ይፈቀዳል። «ከ20 በላይ» ሲባል ግን 20 አይጨመርም፤ ጸሐፊው 20ንም ማካተት ከፈለገ «20 እና ከዚያ በላይ» ማለት ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ትኩረት ሊሰጣቸው የሚገቡት ግን ሁለት ትንንሽ ፊደላት ናቸው፤ «ከ» እና «በ»። «ቁጥሩ ከ5 ይበልጣል» ያለእኩልነት ነው፤ ተ > 5 ተብሎ ይጻፋል። «ቁጥሩ ከሌላው በ5 ይበልጣል» ግን የእኩልነት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ልዩነቱ በትክክል ተነግሯልና ሌላውን ቁጥር «ሀ» ብንለው ተ = ሀ + 5 ተብሎ ይጻፋል። ግሱ በሁለቱም ላይ «ይበልጣል» ነው፤ የዓረፍተ ነገሩን ዓይነት የሚወስነው «በ5» የሚለው ልክ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነው። ቅደም ተከተልም እንዲሁ ያሳስታል፤ «ከቁጥሩ እጥፍ በ3 የሚያንስ» ሲባል 2ተ − 3 እንጂ 3 − 2ተ አይደለም፤ የሚቀነሰው በ«በ» የተጠራው ቁጥር ነው።

አሁን አንድ ሙሉ ፕሮብሌም እንመልከት። አንድ ቤተሰብ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሙሉ ሮቶ ውሃ አለው፤ በቀን 130 ሊትር ይጠቀማል፤ የቧንቧ ውሃ ሳይመጣ ቢዘገይ ለአስቸኳይ ጉዳይ የሚሆን ቢያንስ 350 ሊትር በሮቶው ውስጥ እንዲቀር ይፈልጋል። ሮቶው ሳይሞላ ይህ ቤተሰብ ቢበዛ ስንት ሙሉ ቀን እንደልማዱ መጠቀም ይችላል? መጀመሪያ የሚደረገው ፊደሉ ምን እንደሚወክል በሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው፤ «ቀ የቀናት ብዛት ነው» ይባላል። «ቀ ቀን ነው» ወይም «ቀ ውሃ ነው» ብሎ የጀመረ ሰው መሐል ላይ ሊትርን ከቀን ጋር ሲደምር ራሱን ያገኘዋል፤ ፊደል ምንጊዜም የሚወክለው ቁጥርን ነው። በቀ ቀናት የሚያልቀው ውሃ 130ቀ ሊትር ነው፤ የሚቀረው 2,000 − 130ቀ ሊትር ነው፤ የቀረው ከ350 ማነስ የለበትም። እንግዲህ ዓረፍተ ነገሩ 2,000 − 130ቀ ≥ 350 ይሆናል።

ከሁለቱም በኩል 2,000 ሲቀነስ −130ቀ ≥ −1,650 እናገኛለን። ቀጥሎ ሁለቱንም በኩል በ−130 ማካፈል ያስፈልጋል፤ ያለእኩልነት ከእኩልነት የሚለይበት ዋናው የስሌት ሕግም እዚህ ላይ ይመጣል፤ ሁለቱ ጎኖች በአሉታዊ ቁጥር ሲባዙ ወይም ሲካፈሉ ምልክቱ ይገለበጣል። ምክንያቱን ሳይረዱ በቃል ብቻ የያዙት ሕግ በፈተና ቀን ይጠፋልና ምክንያቱን እንየው። 3 ከ5 ያንሳል። ነገር ግን 3 ብር ዕዳ ብቻ ያለበት ሰው 5 ብር ዕዳ ካለበት ሰው የተሻለ ኪስ አለው፤ −3 ከ−5 ይበልጣል። በአሉታዊ ቁጥር ማባዛት የቁጥር መስመሩን ከዜሮ ወዲያና ወዲህ ስለሚያዞረው በቀኝ የነበረው በግራ፣ በግራ የነበረው በቀኝ ይሆናል፤ ምልክቱም አብሮ ይዞራል። ስለዚህ ቀ ≤ 12.69 ገደማ ነው።

ለጀማሪ ግን ሌላ መንገድ እመክራለሁ፤ ከመጀመሪያው ላይ 130ቀ ለሁለቱም በኩል መደመር ነው። እንዲህ ሲደረግ 2,000 ≥ 350 + 130ቀ፣ ከዚያም 1,650 ≥ 130ቀ ይሆናል፤ አሉታዊ ቁጥር ስለሌለ የሚገለበጥ ምልክትም የለም። ይህ የተቀነሰን ነገር ለሁለቱም በኩል በመደመር ማስወገድ ጥንታዊ ዘዴ ነው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው አል-ኸዋሪዝሚ በእኩልነቶች ላይ ሲሠራ ይህንኑ ድርጊት «አል-ጀብር» ብሎ ጠርቶታል፤ «አልጀብራ» የሚለው ስም የወጣውም ከመጽሐፉ ርእስ ውስጥ ከሚገኘው ከዚህ ቃል ነው። መጽሐፉ አንድም የአልጀብራ ምልክት የሌለው፣ ሁሉንም በቃላት የሚያትት ሲሆን የውርስ ክፍፍል ጥያቄዎች ሰፊ ቦታ ይዘውበታል። የእኩል ምልክት (=) በሮበርት ሬኮርድ መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1557 ነው፤ < እና > ደግሞ በቶማስ ሃሪዮት ሥራ ውስጥ እርሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1631 ታትመዋል። የቃላት ፕሮብሌም በአልጀብራ ላይ ኋላ የተለጠፈ መልመጃ አይደለም ማለት ነው፤ ቃሉ ቀድሞ ነበረ፣ ምልክቱ ተከተለ።

የሮቶው መልስ ገና አላለቀም። ቀ ≤ 12.69 ቢልም ጥያቄው የሙሉ ቀን ብዛት ስለሆነና 13 ከጣሪያው ስለሚያልፍ መልሱ 12 ቀን ነው። ማረጋገጡ ቀላል ነው፤ ከ12 ቀን በኋላ 440 ሊትር ይቀራል፣ ከ13 ቀን በኋላ ግን 310 ብቻ። በተለመደው የማጠጋጋት ሕግ 12.69 ወደ 13 ይሄድ ነበር፤ እዚህ ግን ያ ሕግ ቦታ የለውም። በተቃራኒው 100 ሰዎችን እያንዳንዳቸው 11 ሰው በሚይዙ ሚኒባሶች ለማጓጓዝ የሚኒባሶቹን ብዛት «መ» ብለን 11መ ≥ 100 ብንጽፍ መ ≥ 9.09 ገደማ ይመጣል፤ 9 መኪና 99 ሰው አድርሶ አንድ ሰው መንገድ ላይ ስለሚያስቀር መልሱ 10 ነው። ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች የሚለውን የሚወስነው ነጥቡን ተከትሎ የመጣው አሃዝ ሳይሆን ታሪኩ ነው።

እኩልነትና ያለእኩልነት እንዴት እንደሚደጋገፉ ሁለት ዋጋዎችን ስናወዳድር ይበልጥ ይታያል። አንድ ትምህርት ቤት ለጉብኝት መኪና ሲፈልግ አንደኛው ባለመኪና 4,000 ብር መነሻ እና በተማሪ 90 ብር፣ ሁለተኛው 2,500 ብር መነሻ እና በተማሪ 140 ብር ጠየቁ እንበል። የተማሪዎቹ ብዛት ተ ቢሆን አንደኛው የሚረክሰው መቼ ነው? 4,000 + 90ተ < 2,500 + 140ተ ብለን እንጽፋለን፤ 1,500 < 50ተ፣ ማለትም ተ > 30 ይሆናል። በ«<» ምትክ «=» ብናስቀምጥ ተ = 30 እናገኝ ነበር፤ በዚያ ቁጥር ሁለቱም 6,700 ብር ያስከፍላሉ። ስለዚህ የእኩልነቱ መልስ ድንበሩን ያሳያል፣ ያለእኩልነቱ ደግሞ ከድንበሩ በየትኛው በኩል መቆም እንደሚያዋጣ ይነግራል። ምልክቱን የት እንዳዞረ የተጠራጠረ ተማሪ ድንበሩን በእኩልነት ፈልጎ ከወዲያና ከወዲህ አንዳንድ ቁጥር ቢሞክር ስህተቱን ራሱ ይደርስበታል፤ በ20 ተማሪ አንደኛው 5,800፣ ሁለተኛው 5,300 ነው፤ በ40 ተማሪ ደግሞ አንደኛው 7,600፣ ሁለተኛው 8,100 ነው።

አንዳንድ ጊዜ ታሪኩ በጽሑፉ ላይ ያልተነገረ ተጨማሪ ገደብ ይይዛል። በሦስት ፈተናዎች 62፣ 71 እና 58 ያመጣች ተማሪ የአራቱ ፈተናዎች አማካይ ውጤቷ ቢያንስ 65 እንዲሆን ብትፈልግ የአራተኛውን ውጤት «ው» ብላ፣ የአራቱ ድምር ቢያንስ 4 × 65 = 260 መሆን ስላለበት 191 + ው ≥ 260 ጽፋ ው ≥ 69 ታገኛለች፤ ፈተናው ከ100 ስለሚታረም ግን ትክክለኛው መልስ 69 ≤ ው ≤ 100 ነው። አማካዩ ቢያንስ 75 ይሁን ቢባልስ? 191 + ው ≥ 300 ይሆንና ው ≥ 109 ይመጣል፤ ከ100 የማይበልጥና ከ109 የማያንስ ቁጥር የለም። ብዙ ተማሪ እዚህ ሲደርስ ተሳስቻለሁ ብሎ ሥራውን ይሰርዛል፤ ስሌቱ ግን ትክክል ነው፣ የመፍትሔ ስብስቡ ባዶ ነው፤ በአራተኛው ፈተና ምንም ያህል ብታመጣ 75 እንደማይደረስ ተማሪዋ ከፈተናው በፊት ታውቃለች ማለት ነው።