ወሎ አልጋ ሲይዙ የሚሸወዱባቸው እምነቶች

«የተነገረኝ ዋጋ የምከፍለው ነው።» አይደለም። ደሴ አንድ ሆቴል (ስሙ ይቅር) «1,000 ብር» ተብዬ ገባሁ። ጠዋት 1,265 ጠየቁኝ። ተዘረፍኩ ብዬ ጮህኩ። ገንዘብ ተቀባይዋ ካልኩሌተሩን ወደ እኔ አዞረችው። ለሰርቪስ ቻርጅ 10 በመቶ ሲጨመር 1,100። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት፣ ማለትም 165 ብር። ሒሳቡ ልክ ነው። ያበሳጨኝ ማታ አለመነገሩ ነው። ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው «ሁሉም ተጠቃሎ ስንት?» ብዬ ነው። ቫት ካስከፈሉ ደግሞ ደረሰኝ ይቀበሉ። ደረሰኝ ሳይቆርጡ ቫት መጠየቅ ዓይን ያወጣ ነገር ነው።

«ሙቅ ውሃ አለ ካሉ አለ።» አዎ፣ መብራት ካልጠፋ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት። የጠዋት ውሃዋ አጥንት ይሰብራል። ቁልፉን ከመቀበልዎ በፊት ቧንቧውን ከፍተው ይዩ፣ ቦይለሩ መሥራቱንም ይጠይቁ። ኮምቦልቻ ሲወርዱ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የሚያስፈልግዎ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ሳይሆን አጎበር ነው።

«አዲስ ፎቅ ከሆነ ይመቻል።» መስታወቱ ያብረቀርቃል፣ ፍራሹ መሃሉ ጎድጉዷል። ቁጭ ብለው ይሞክሩት፣ ማንም አይቆጣም። መስኮቱ ወደ ዋናው መንገድ ከሆነ የከባድ መኪና ጥሩንባ ሲቀሰቅስዎ ያድራል። በጀርባ በኩል ይጠይቁ።

«ቁርስ ከአልጋው ጋር ነው።» አንዳንድ ቤት ብቻ።

«ላሊበላ ዓመቱን ሙሉ ዋጋው ያው ነው።» ለገና ሰሞን ሄደው ይዩት! አልጋ ከተገኘም ዋጋው ሌላ ነው። ደሴም መስከረም 21 ለሚከበረው የግሸን ማርያም ንግሥ በሚያልፈው ተጓዥ ትጨናነቃለች። ቀድመው ይደውሉ፣ ዋጋውንም ያኔውኑ ይቁረጡ።

«ወሎ ሄዶ ዋጋ መጨቅጨቅ ነውር ነው።» ኪስ የምታራግፈው ይቺ ናት። ወሎዬ ቤት አድረው ሒሳብ ቢጠይቁ በእርግጥም ስድብ ነው። ሆቴል ግን ሆቴል ነው። ያቺ ገንዘብ ተቀባይ እንኳ ጩኸቴ ሲበርድ፣ «ወንድምዓለም፣ ማታ ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስገባ ቡና አቅርበውልኝ፣ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።