ድምፅ አልባ ትንታ ምንድን ነው?

«ትን አላለውም፤ መብላት ይችላል።» ይህን በሕመምተኞች ፋይል ላይ ስንቴ እንዳነበብኩት! ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ለጀማሪ የንግግርና የመዋጥ ሕክምና ባለሙያዎች ምክር አድርጎ ጻፈው። «ገጠር ላይ መሣሪያ ስለሌለ ውሃ አጠጡና እዩ፤ ካላሳለ ደህና ነው» ይላል። አይደለም። ይህ ምክር ሰው ይጎዳል።

በእኛ ሙያ ትንታ ማለት ሳሉ አይደለም። ምግብ፣ ውሃ ወይም ምራቅ ከድምፅ አውታሮች አልፎ አየር ቧንቧ ውስጥ መግባቱ ነው። ሳሉ የሰውነት መልስ ነው። ገብቶ መልሱ ሲጠፋ ድምፅ አልባ ትንታ እንለዋለን። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ባለ 8 ደረጃ የትንታ መለኪያ የከፋው 8ኛው ደረጃ ይኸው ነው፦ ገባ፣ ሰውየው ግን ሊያስወጣው አልሞከረም።

ሳልን እንደ ግቢ ውሻ አስቡት። ካልጮኸ ሌባ አልገባም ብለን እንተኛለን። ስትሮክ የመታው ሰው ጉሮሮ ግን ሊደነዝዝ ይችላል፤ ውሻው አለ፣ ሌባው ሲገባ ግን አይሰማውም። አንዳንዴ በመጀመሪያው ሌባ ላይ ይጮኻል፣ አምስተኛው ሲገባ ደክሞት ተኝቷል። ሁለት ማንኪያ ሞክሮ መደምደም የማያዋጣው ለዚህ ነው። «ጉሮሮውን ስነካው ሊያስመልሰው ቃጣው፣ ስለዚህ በደንብ ይውጣል» የሚሉም አሉ። ማስመለስ ሌላ፣ መዋጥ ሌላ፤ ያ የሌላ በር ውሻ ነው።

ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንድ አባት ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጠጥተው ፈገግ ብለው አመሰገኑኝ። አንዲት ሳል የለም። ድምፃቸው ግን ውሃ እንደተኛበት ይንቦጫቦጭ ነበር። ሲውጡ በቪዲዮ ኤክስሬይ ስናያቸው ያጠጣናቸው ባሪየም፣ በኤክስሬይ የሚታየው ፈሳሽ፣ ቀጥ ብሎ ወደ አየር ቧንቧው ወረደ። እሳቸው ምንም አልመሰላቸውም። «ጨረስን ልጄ?» አሉኝ።

ቪዲዮ ኤክስሬይ የሌለበት ሆስፒታል የተመደበ ጀማሪስ? አልጋ አጠገብ ቆሞ ድምፅ አልባ ትንታን ማረጋገጥ አይቻልም። መጠርጠር ግን ይቻላል። ከጠጣ በኋላ «አ» አስብሉት፤ ድምፁ ረጠበ? ትንፋሹ ፈጠነ? ሳንባ ምች ይመላለስበታል? ከዚያ ፋይሉ ላይ «ትን አይለውም» ብላችሁ አትጻፉ። «ሳል አልታየም፤ ድምፅ አልባ ትንታ ግን ሊኖር ይችላል» በሉ። ገጠር ላይ ባለሙያው ብቻውን ነው፤ ማታ ተረኛዋ ነርስ ማንኪያ ስታነሳ የምታገኘው ያቺን ጽሑፍ ብቻ ነው።

ይህን ሰምታችሁ ደግሞ ሁሉንም ከምግብ እንዳትከለክሉ። ጤነኛ ሰውም ተኝቶ ጥቂት ምራቅ ወደ ሳንባው ይወርዳል፤ ትንታ ያለበት ሁሉ ሳንባ ምች አይዘውም። ሌባው ይዞት የሚገባው ነገር ወሳኝ ነው። ካልጸዳ አፍ የሚወርድ ምራቅ ጀርም ይዞ ይወርዳል። ፈሳሽን በዱቄት ማወፈርም መፍትሔ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አንዳንዱን ይረዳል፤ ግን ብዙ ሰው ስለማይወደው ትንሽ ይጠጣል፣ ሰውነቱም ውሃ ያጥረዋል። እኔ የማወፈሪያ ዱቄት ከማዘዜ በፊት ዛሬ አፉን ማን አጸዳለት ብዬ እጠይቃለሁ።