ረኒንግ ባክ ምንድን ነው?

በአሜሪካ ፉትቦል ኳሱን በእጁ ይዞ ተከላካዮችን ሰንጥቆ እንዲያልፍ የሚሰለፈው ተጫዋች ረኒንግ ባክ ይባላል። ቦታው ጨዋታውን ከሚመራውና ኳሱን ከሚያቀብለው ወይም ከሚወረውረው ተጫዋች፣ ከኳርተርባኩ፣ ኋላ ወይም ጎን ነው። ቡድኑ 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ ብቻ ስላለው፣ በአንድ ሙከራ 4 ያርድ ያመጣ ሯጭ ሥራውን በደንብ ሠርቷል። ይህ አራት ሜትር እንኳ አይሞላም። ጨዋታውን አዲስ የሚያይ ሰው “ሄዶ ተላተመና ወደቀ” ብሎ ያልፈዋል፤ ሙያው ያለው ግን እዚያው ነው።

የአሜሪካ ፉትቦል ዋና ሊግ የሆነው የኤንኤፍኤል የሩጫ ክብረ ወሰን የኤሚት ስሚዝ ነው፦ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1990 እስከ 2004 ድረስ በ15 የውድድር ዘመን 18,355 ያርድ፣ ማለትም 16.8 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለማራቶን ሯጭ የአንድ ጠዋት ልምምድ ነው። ስሚዝ ግን ይህን መንገድ በ4,409 ሩጫ ቆራርጦ ነው የጨረሰው፤ ብዙዎቹም ያለቁት መሬት ላይ ተጥሎ ነው።

ሥራው ከርክክቡ ይጀምራል። ለኳርተርባኩ የቀረበው ክንድ ክርኑ ተነሥቶ ደረት ላይ ይጋደማል፤ ሌላው ክንድ መዳፉ ወደ ላይ ዞሮ እምብርት ግድም ይሆናል። መሃሉ እንደ ኪስ ይከፈታል። ኳሱን እዚያ መክተት የኳርተርባኩ ድርሻ ነው፤ ሯጩ እጁን ዘርግቶ አይቀበልም፣ ኳሱንም አያይም። ዓይኑ ፊት ለፊት ነው። ክርኑ ዝቅ ካለ ኳሱ ክንዱን መትቶ ይወድቃል።

ከተረከበ በኋላ የኳሱን ሹል ጫፍ በጣቶቹ ይሸፍናል፣ ሌላውን ጫፍ ክርኑ እጥፋት ውስጥ ያስገባል፣ ኳሱን ከጎድን አጥንቱ ጋር ያጣብቃል፤ የሚይዘውም ከተከላካዩ በራቀው እጅ ነው። ለመታጠፍ ሲል ክንዱን ካወናጨፈና ክርኑ ከጎኑ ከተላቀቀ፣ ከኋላ የደረሰ ተከላካይ በቡጢ መትቶ ያስጥለዋል። የወደቀ ኳስ ቀድሞ ላነሣው ነው። ኳስ የሚጥል ሯጭ ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት በችኮላ ነው። ፊት ያሉት አምስት ግዙፍ ተጫዋቾች ተከላካዮቹን ገፍተው ክፍተት እስኪፈጥሩ ቅጽበት ያስፈልጋቸዋል፤ ቀድሞ የሮጠ የራሱን ጓደኛ ጀርባ ይላተማል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች አጭርና የተመጠኑ ናቸው። ክፍተቱ ሲታይ አንድ እግር ይተከላል፣ አንድ ጊዜ ይታጠፋል፣ ከዚያ በሙሉ ኃይል ይገባል። ትከሻ ዝቅ ይላል፤ ሲወድቅም ወደ ፊት ነው፤ በዚያ አወዳደቅ ተጨማሪ አንድ ያርድ ይገኛል። ስሚዝ 1 ሜትር ከ75 ገደማ ነበር፤ አጭርነቱና ትዕግሥቱ ለዚህ ሥራ የተመቹ ነበሩ።

ተመልካች ብዙም የማያስተውለው ሌላ ግዴታ አለ። ኳርተርባኩ ኳስ ሊወረውር ሲል ሯጩ ጠባቂ ይሆናል። ሁለት ተከላካዮች ሰብረው ከመጡ መጀመሪያ የሚያግደው በመሃል በኩል የመጣውን ነው፤ እሱ የሚሮጠው መንገድ ያጥራልና። ይህን ያልተማረ ወጣት፣ ሲሮጥ ቢያስደንቅም፣ አሠልጣኝ አያምነውም።

የሙያው ክፋት ዕድሜው ማጠሩ ነው። ግጭቱ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው እግሩ መሬት ላይ በተተከለበት ቅጽበት ስለሆነ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይጎዳሉ። ቴሬል ዴቪስ በ1998 2,008 ያርድ ሮጠ፤ በቀጣዩ ዓመት፣ ያውም ኳስ ሳይዝ፣ የተነጠቀ ኳስ ሲያሳድድ ጉልበቱ ተበጠሰ። ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞ ብቃቱ አልተመለሰም። በሊጉ የጀማሪ ውል አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት ነው፤ ሯጩ ትልቁን ገንዘብ ሊጠይቅ ሲቀርብ ክለቡ የተሸከመውን ግጭት ይቆጥርበታል። ይህ ለሯጮች ፍትሐዊ አይደለም፤ ምርጥ ዓመታቸውን በርካሽ ሰጥተው ነው እዚያ የሚደርሱት። ባሪ ሳንደርስ ደግሞ ራሱ መረጠ፦ በ1999፣ በ31 ዓመቱ፣ ለወቅቱ ክብረ ወሰን 1,457 ያርድ ብቻ ሲቀረው ጫማውን ሰቀለ።

ስሚዝ ቆየ። ጥር 2 ቀን 1994 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ከኒውዮርክ ጃያንትስ ጋር ሲጫወት ትከሻው ከመጋጠሚያው ተላቀቀ፤ ሆኖም ጨዋታውን ቀጠለ፤ በጠቅላላው ጨዋታ 32 ጊዜ ሮጠ፣ 10 ኳስ ተቀበለ፣ በድምሩ 229 ያርድ አመጣ። ቡድኑ ዳላስ በተጨማሪ ሰዓት 16 ለ13 አሸነፈ። የቀድሞውን ባለ ክብረ ወሰን የዋልተር ፔይተንን 16,726 ያርድ ያለፈው በጥቅምት 2002 ነው። በመጨረሻው ዘመኑ፣ በ35 ዓመቱ፣ ለአሪዞና ቡድን 937 ያርድ ሮጦ 9 ታችዳውን (ኳሱን የተጋጣሚ የግብ ክልል ውስጥ በማስገባት የሚገኝ ነጥብ) አስቆጠረ።